ነባር የመኳንንት ቤት በስንት ጊዜ ይሸጣል?
ሻጩ ከዋጋው በፊት ጊዜውን ቢያሰላ ያተርፋል

በቤት ሥራ ላይ የቆየ ደላላ ሁሉ የሚያውቀው አንድ እውነት አለ። ኮንዶሚኒየም ሲሸጥ ጠያቂውም ገዢውም ይበዛል። ነባር ቪላ ሲሸጥ ግን ጎብኚው ብዙ፣ ገዢው ጥቂት ነው። የድንጋይ መሠረት፣ የጣውላ ሰገነት፣ ሰፊ ግቢና የታወቀ ስም ያለው ቤት ለሽያጭ መውጣቱ ሲሰማ ሊያይ የሚመጣው ሰው አይጠፋም። ቤቱን ያደንቃል፣ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ስለ ቀድሞው ባለቤት ይጠይቃል፣ ሻይ ተጋብዞ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ቤቱ ያው እዚያው ነው።

ችግሩ ቤቱ አለመሸጡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን ሻጩ ቤቱ ቶሎ ይሸጣል ብሎ ሌላ ጉዳይ ውስጥ ገብቷል። አፓርታማ ለመግዛት ቀብድ ከፍሏል፣ ለወራሾች ቀን ቆርጦላቸዋል፣ ወይም የባንክ ዕዳ የሚከፍልበትን ጊዜ ከዚሁ ሽያጭ ጋር አያይዞታል። ቀኑ ሲደርስና ገዢ ሲጠፋ ያ የተከበረ ቤት በመሬቱ ዋጋ እንኳ ሳይሆን በችኮላ ዋጋ ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የነባር ቤት ሻጭ፣ የሚያሻሽጠው ደላላና ገንዘቡን ሊያስገባበት የሚያስበው ባለሀብት በቅድሚያ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» የሚለው ሳይሆን «በዚህ ዋጋ በስንት ጊዜ ይሸጣል?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

በአንድ ካርታ ላይ ሦስት ዕቃ

ነባር ቤት የሚሸጥ ሰው በአንድ ካርታ ሦስት ነገር ይሸጣል። አንደኛው ቦታው ነው። እርግጥ ነው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይሁን እንጂ በቤቱ ሽያጭ አማካይነት የይዞታ መብቱ አብሮ ስለሚተላለፍ ገዢው ዋጋ ሲያሰላ ቦታውን ከሒሳቡ አያወጣውም። ሁለተኛው ሕንፃው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስሙ ነው፤ ማለትም ማን ሠራው፣ ማን ኖረበት፣ ምን ተደረገበት የሚለው ታሪክ።

ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን ደምሮ ዋጋ ይቆርጣል። ገዢው ግን እምብዛም ሦስቱን አይፈልግም። ፎቅ ለመሥራት የሚፈልግ ገዢ ቦታውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ለእርሱ አሮጌው ሕንፃ የማፍረሻ ወጪ ነው። ምግብ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የሥዕል ማሳያ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ሕንፃውንና ስሙን ይፈልጋል፤ ግቢው ግን ከሚያስፈልገው በላይ ሊሆንበት ይችላል። ሊኖርበት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሕንፃውን ቢወደውም ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱና የኤሌክትሪክ መስመሩ ያስጨንቀዋል። ከሦስቱ ለሁለቱ ብቻ የሚከፍል ገዢ ለሦስቱ የተቆረጠውን ዋጋ ሲሰማ ይመለሳል።

የነባር ቤት ሽያጭ የሚዘገይበት ዋነኛ ምክንያት ይኸው ነው። ቤቱ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ሦስቱንም በአንድነት የሚፈልገው ሰው በከተማው ውስጥ በጣት የሚቆጠር በመሆኑ ነው።

ገበያው ለምን ጠበበ?

በአዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ነባር ቤቶች መካከል በግል የሚሸጡት ጥቂቶች የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቅዶ የቀረውን ወደ መንግሥት አዛወረው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። በመሆኑም ከደጃዝማቾቹና ከነጋድራሶቹ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም የመንግሥት ናቸው። አንዳንዶቹ ለሕዝብ አገልግሎት ውለዋል፤ ከመስቀል አደባባይ በላይ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም መሆኑ ይታወሳል።

በግል እጅ የቀሩት እንግዲህ በ1967 ባለቤቱ «የምኖርበት ይህ ነው» ብሎ ያስቀራቸው፣ ከአዋጁ ውጭ ተወስደው ኋላ የተመለሱና ከነዚህ በግዢ የተላለፉ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከፊሉ ለግንባታ ሲባል ፈርሷል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በፒያሳና በአካባቢው በርካታ ነባር ቤቶችን አንስቷል።

አንዳንድ ሻጮች ከዚህ ተነስተው «ዕቃው ከጠፋ ዋጋው ይወደዳል፣ ቶሎም ይሸጣል» ይላሉ። የመጀመሪያው አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። የዕቃ ማነስ ሽያጭን የሚያፋጥነው ገዢዎች ተሰልፈው ሲጠብቁ ነው። ጥቂት ዕቃና ጥቂት ገዢ ባለበት ገበያ ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ጊዜ ይፈጃል። ከዚህም በላይ ማመሳከሪያ የሚሆን የሽያጭ ዋጋ ስለሌለ ገዢው በዋጋው ላይ እምነት አያድርበትም፤ ድርድሩም ይረዝማል።

የገበያውን ፍጥነት መቁጠር

በሌላው ዓለም ያሉ የቤት አሻሻጮች ለዚህ አንድ ቀላል ስሌት አላቸው። ለሽያጭ የቀረቡትን ተመሳሳይ ቤቶች ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ በተሸጡት ተመሳሳይ ቤቶች ቁጥር ያካፍሉታል። የሚገኘው ውጤት ገበያው በእጁ ያለውን ለመጨረስ ስንት ዓመት እንደሚወስድበት ያሳያል።

በአዲስ አበባ ይህን ሁሉ መዝግቦ የሚያወጣ የጋራ ሰሌዳ ባይኖርም ስሌቱን በእግርና በስልክ መሥራት ይቻላል። በምሳሌ እንየው። አንድ ሻጭ በአምስት ደላሎች ዘንድ ጠይቆ በድምሩ 31 ነባር ቪላዎች ለሽያጭ እንደቀረቡ ተነገረው እንበል። አድራሻቸውን ሲያመሳክር አንዱ ቤት በሦስትና በአራት ደላላ አፍ ስለሚዞር እውነተኛው ቁጥር 14 ሆነ። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ባለቤቶች ዋጋ ለመስማት ብቻ ያወጡ ናቸው፤ ቢጠየቁም አይሸጡም። ቀሪው 12 ነው። ባለፉት 12 ወራት ኮሚሽን የተከፈለባቸውንና ስማቸው የተዛወረውን ሲጠይቅ ደግሞ አራት ብቻ አገኘ። 12 ለ4 ሲካፈል ሦስት ዓመት ነው።

ይህ ማለት እያንዳንዱ ቤት ሦስት ዓመት ይፈጃል ማለት አይደለም። በአማካይ በየሦስት ወሩ አንድ ቤት ይሸጣል ማለት ነው። እንግዲህ ወሳኙ ጥያቄ የሻጩ ቤት ከአሥራ ሁለቱ መካከል በስንተኛ ደረጃ ላይ ነው የሚለው ይሆናል። ገዢ ሁሉንም አይቶ ለዋጋው በጣም የሚያዋጣው ይህ ነው ብሎ የሚመርጠው ከሆነ በሦስት ወር አካባቢ ሊሸጥ ይችላል። አራተኛ ከሆነ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። አሥራ ሁለተኛ ከሆነ ግን ሦስት ዓመት መጠበቅ ብቻ አይበቃም። በየዓመቱ አምስት አዳዲስ ቤቶች ወደ ገበያው ቢገቡና አራት ቢወጡ ሰልፉ በዓመቱ 13 ይሆናል እንጂ አይቀንስም።

በዚህ ቆጠራ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ተመሳሳይ የሚባለው ተመሳሳይ ገዢ ያለው ብቻ ነው። በቦሌ የተሠራ አዲስ ቪላ ካሬው ቢመሳሰልም ገዢው ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ መያዝ ያለበት የተጠየቀው ዋጋ ሳይሆን የተከፈለው ነው። ጎረቤቱ ይህን ያህል ጠየቀ ማለት ይህን ያህል አገኘ ማለት አይደለም።

ቅርስ መሆን ያፋጥናል ወይስ ያዘገያል?

ብዙ ባለቤቶች ቤታቸው በቅርስነት መመዝገቡ ዋጋውን የሚያንረውና ገዢውን የሚያሽቀዳድመው ይመስላቸዋል። የአዲስ አበባ ገበያ ግን ሌላ ይላል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት የቅርስ ባለቤት ቅርሱን የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድም መጠገንና መለወጥ አይችልም። ስለዚህ ቤቱ በተመዘገበ ጊዜ ቦታውን ፈልጎ የሚመጣው ባለ ፎቅ ገንቢ ወዲያው ከገበያው ይወጣል። ሰፊ ግቢ ባለው ቤት ላይ በአብዛኛው ጠቀም ያለ ዋጋ ይዞ የሚመጣው እርሱ ነው።

የሚቀረው ገዢ ሕንፃውን ከነታሪኩ የሚፈልገው ነው። እርሱን ለማግኘት ጊዜ ያስፈልጋል። ሲገኝ ደግሞ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ምን ይፈቀዳል? ጓሮው ላይ ተጨማሪ ቤት መሥራት ይቻላል? ጣሪያውን መቀየር ይቻላል? ሻጩ ለእነዚህ ጥያቄዎች ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ከከተማው የባህል ቢሮ በጽሑፍ የተገኘ መልስ አስቀድሞ ከያዘ ለወራት የሚጓተተውን ጥርጣሬ ይቆርጠዋል። ካልያዘ ገዢው ራሱ ሊያጣራ ይሄዳል፤ እየተመላለሰም ይቀዘቅዛል።

ከሁሉ የከፋው ግን በመካከል ያለው ቤት ነው። በቅርስነት ያልተመዘገበ፣ ነገር ግን ዕድሜውና ታሪኩ ሊያስመዘግበው የሚችል ቤት ሁለቱንም ገዢዎች ያሸሻል። ገንቢው «ነገ ቢከለከልስ?» ይላል። ታሪክ ወዳዱ ደግሞ «ነገ ዙሪያው በፎቅ ቢከበብስ?» ብሎ ይፈራል። እንዲህ ያለ ቤት የያዘ ሻጭ ቤቱን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ደረጃው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ማወቁ የግድ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን በአካባቢው የልማት ፕላን ቦታው ለምን እንደተመደበ፣ ግቢው የመንገድ ክልል የሚነካው መሆን አለመሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ይህን ሳይጠይቅ ቀብድ የሚሰጥ ገዢ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል።

ወረቀቱ ከግድግዳው ይቀድማል

ገዢ ማግኘት የጊዜው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ስም ማዛወሩ ነው። ነባር ቤት ደግሞ ነባር ወረቀት አለው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ውርስ ነው። በካርታው ላይ ያለው ስም የአያት ሆኖ ሲገኝ ወራሽነት በፍርድ ቤት መረጋገጥና ስሙም ወደ ወራሾቹ መዛወር ይኖርበታል። ወራሾቹ አምስት ከሆኑና አንዷ ዋሽንግተን፣ ሌላው ሪያድ የሚኖር ከሆነ ውክልናው እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አልፎ መምጣት አለበት። ከአምስቱ አንዱ «አልሸጥም» ካለ ነገሩ ከገበያ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያገባ ሰው የጋራ የሆነ ቤት ሲሸጥም በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የይዞታው ዓይነት ነው። ነባር ይዞታ የያዘ ሰው የሚከፍለው አነስተኛ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግን ቤቱ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንደሚይዝ ደንግጓል። ገዢው ይህን ኋላ ሲሰማ በዋጋው ላይ እንደገና ይከራከራል። ሻጩ በክፍለ ከተማው ጠይቆ ስሌቱን አስቀድሞ ቢነግረው ግን ገና ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ ክፍያም እንደዚሁ ማን እንደሚከፍላቸው በጊዜ መነጋገር ይበጃል።

ሦስተኛው ካርታውና ግቢው አለመመሳሰላቸው ነው። በካርታው 1,200 ካሬ ሜትር የተባለው ሲለካ 1,340 ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ሰርቪስ ቤቱ በፕላኑ ላይ የለም። አራተኛው ዕዳና እገዳ ነው። አምስተኛው ደግሞ በግቢው ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፤ ተከራይ፣ የቀድሞ ሠራተኛ ወይም ዘመድ። ሰው ያለበት ግቢ ባዶ ከሆነው ይልቅ እንደሚዘገይ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ልምድ ያለው ደላላ ስለዚህ ቤቱን ከማየቱ በፊት ወረቀቱን ያያል። ወረቀቱ የተስተካከለ ቤት ከተዋዋሉ በኋላ በጥቂት ወራት ያልቃል። ያልተስተካከለው ግን ገዢ ካገኘም በኋላ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ገዢውም ሁልጊዜ አይጠብቅም።

ገዢው ማን ነው? ፍጥነቱስ?

ለእያንዳንዱ ዓይነት ገዢ የራሱ ፍጥነት አለው። በእጁ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ፈጣን ነው፤ ቤቱን ከወደደው በሳምንት ውስጥ ሊወስን ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋ ይሰብራል። ኩባንያ በቦርድ ይወስናል፤ ስለዚህ ወራት ይፈጃል፤ ከወሰነ በኋላ ግን በቀላሉ አይመለስም። ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰፊ ግቢ ያለውን ቪላ ቢወዱም ከመግዛት መከራየቱን ይመርጣሉ።

በውጭ የሚኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ዓይነቱ ቤት ዋነኛ ተስፋ ተደርጎ ይታያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መመንዘሩ ለዚህ ገዢ ዋጋውን በዶላር አርክሶለት ነበር። ይሁንና ሻጮችም ወዲያው በዶላር ማሰብ ጀመሩ፤ የብር ዋጋቸውንም አነሱ። ከዚህም ሌላ ይህ ገዢ አገር ቤት የሚመጣበት ወቅት የተወሰነ ነው። ለገናና ለጥምቀት የመጣ ሰው ሳያይ የቀረው ቤት ምናልባት እስከሚቀጥለው ዓመት አያየውም።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ አገር ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅደው ሕግ መውጣቱም ተስፋ አሳድሯል። ሆኖም ፈቃድና ዝቅተኛ የገንዘብ መጠን የሚጠይቅ በመሆኑ ሻጩ በዚህ ገዢ ላይ ብቻ ተማምኖ ቀን መቁረጥ አይኖርበትም።

በባንክ ብድር የሚገዛው ደግሞ በዚህ ገበያ ጥቂት ነው። የባንክ መሐንዲስ ሕንፃውን ሲገምት የጭቃ ግድግዳና የቆየ ጣውላ ከፍተኛ ግምት አያገኝለትም፤ ታሪኩንም አይገምትም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ መወሰኑ፣ ኋላም ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢያደርገውም፣ ለቤት መግዣ የሚተርፈውን ገንዘብ አሳንሶት ነበር። እንግዲህ ጥሬ ገንዘብ ያላቸው ብቻ የሚገዙት ዕቃ በዝግታ እንደሚሸጥ መጠበቅ ነው።

ከውጭው ገበያ ምን ይማሯል?

ይህ ችግር የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታዋቂው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት የነደፈውና በ1924 እ.ኤ.አ. የተሠራው ኤኒስ ሐውስ የተባለው ቤት ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ቤቱ በ1994 የመሬት መንቀጥቀጥና በ2005 ከባድ ዝናብ ተጎድቶ ነበር። በ2009 በ15 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ስሙን በዓለም ላይ የማያውቅ አልነበረም፤ በፊልሞችም ታይቷል። ነገር ግን ጥገናው ብዙ ነበር፤ ገዢውም ቤቱን እንዳይለውጥና በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርግ ግዴታ ነበረበት። በመጨረሻ በ2011 የተሸጠው በ4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይኸው ቤት በአዲሱ ባለቤት ከታደሰ በኋላ በ2018 በ23 ሚሊዮን ዶላር ለገበያ ቀርቦ በ2019 በ18 ሚሊዮን ተሸጧል። ስሙ፣ ቦታውና የሕግ ግዴታው ያው ነበር። የተለወጠው ዋነኛ ነገር የጥገናው ጥርጣሬ መወገዱ ነው።

በቤቨርሊ ሂልስ የሚገኘውና በ1927 የተሠራው ቤቨርሊ ሐውስ በ2007 በ165 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ ወጣ። ዋጋው እየተቀነሰ፣ ከገበያ እየወጣና እየገባ ቆይቶ በ2021 በኪሳራ ሒደት ውስጥ በጨረታ በ63.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አሥራ አራት ዓመት መሆኑ ነው። በአንጻሩ በኮኔቲከት ግዛት ግሪኒች የሚገኘው ኮፐር ቢች ፋርም የተባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤት በ2013 በ190 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦ በዓመቱ በ120 ሚሊዮን ተሸጧል። ባለቤቱ ከጠየቀው 70 ሚሊዮን አጥቷል ማለት ይቻላል፤ ገንዘቡን ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በእጁ አስገብቷል።

የመቆየት ዋጋ

«ቤት አይበሰብስም፤ ብንጠብቅ ምን እናጣለን?» የሚለው አነጋገር በሒሳብ መፈተን አለበት። አንድ ባለቤት 60 ሚሊዮን ብር ጠይቆ 50 ሚሊዮን የሚከፍል ገዢ መጣለት እንበል። ገንዘቡን በዓመት 10 በመቶ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ቢያውለው 50 ሚሊዮኑ ከሁለት ዓመት በኋላ 60.5 ሚሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ በ60 ሚሊዮን የሚሸጥ ከሆነ ምንም አላተረፈም። የዘበኛው፣ የጣሪያው ጥገናና የግብሩ ወጪ ሲታከል እንዲያውም ከስሯል።

«በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ዋጋው ይጨምራል» የሚል መልስ ይኖራል። ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን ሦስቱን ዕቃዎች ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ነው። ሕንፃው ክረምት በገባ ቁጥር ይቀንሳል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ጣውላው ይበሰብሳል፣ የጭቃው ግድግዳ እርጥበት ይስባል። ሰው የማይኖርበት ነባር ቤት በሁለት ክረምት የሚጎዳው ሰው እየኖረበት በአሥር ዓመት ከሚጎዳው አያንስም። ሻጩ ሊገዛው ያሰበው አፓርታማም እንዲሁ ዋጋው እየጨመረ ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሳይፈጽም ቢቀር ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ወገን እምቢ ቢል ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል። ቪላው በአራት ወር ይሸጣል ብሎ ለአፓርታማ 2 ሚሊዮን ብር ቀብድ የከፈለ ሰው ገበያው አንድ ዓመት ቢወስድበት 2 ሚሊዮኑን ማጣቱ ነው። ለቪላው 5 ሚሊዮን ቀብድ ተቀብሎ ከወራሾቹ አንዱ ቢያፈነግጥበት ደግሞ 10 ሚሊዮን ይጠየቃል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ያልተሸጠን ቤት እንደ ገንዘብ መቁጠር ብዙ ቤተሰብ አጣልቷል።

የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚነግረው ራሱ ገበያው ነው። አዲስ የወጣ ቤት የሚፈለገው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ለወራት ሲጠብቁ የነበሩት ገዢዎች ሁሉ የሚያዩት ያኔ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጎብኚ መመዝገብ ያስፈልጋል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንም ካልመጣ ዋጋው ወይም የተያዘው ደላላ ታርሟል ማለት አይቻልም፤ አንዱ መለወጥ አለበት። ብዙ ሰው መጥቶ ዋጋ የሚያቀርብ ከጠፋ ቤቱ እንደ ሙዚየም እየተጎበኘ ነው፤ ጥገናው ወይም የሕግ ደረጃው ሰውን አስፈርቷል። ዋጋ የሚያቀርቡ ተገኝተው ሁሉም ከተጠየቀው በ20 እና በ25 በመቶ የሚያንስ ከሰጡ ደግሞ ገበያው ዋጋውን ነግሯል፤ ሻጩ ገና አልሰማም ማለት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ መሐንዲስ ወይም ጠበቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ግን እርሱ ገዢ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሌላ ይመጣል» ብሎ መሸኘት በጠባብ ገበያ ውስጥ ውድ ስህተት ነው።

ሽያጩ እንደማይፈጥን ቆጠራው አስቀድሞ ካሳየ ሌላም መንገድ አለ። ቤቱን ለምግብ ቤት፣ ለቢሮ ወይም ለማሳያ አዳራሽ በረጅም ጊዜ ውል ማከራየት ጣሪያውን ከመፍሰስ፣ ባለቤቱንም ከችኮላ ያድነዋል። ገቢ የሚያስገኝ ነባር ቤት ለባለሀብት ሲቀርብ ደግሞ ከባዶው ይልቅ ለማሰላት የቀለለ ነው። በእርግጥ ለመኖሪያ የሚፈልገውን ገዢ ያርቃል፤ ይህም አስቀድሞ መመዘን አለበት።

በጥቅሉ ሲታይ የነባር ቤት ሻጭ ሦስት ቁጥሮችን በወረቀት ላይ አስፍሮ መነሳት ይኖርበታል። በየስንት ወሩ አንድ ተመሳሳይ ቤት ይሸጣል? የእርሱ ቤት በሰልፉ ስንተኛ ነው? ከውል በኋላ ስም ለማዛወር ስንት ወር ያስፈልገዋል? በምሳሌው መሠረት አራተኛ የሆነና ሦስት ወር የወረቀት ሥራ ያለበት ቤት አሥራ አምስት ወር ይፈጃል። ባለቤቱ አሥራ አምስት ወር መጠበቅ ከቻለ በዋጋው ይጽና። የሚቸግረው በስድስት ወር ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቤቱን ከአራተኛነት ወደ አንደኛነት የሚያመጣውን ዋጋ ይቁረጥ፤ ወረቀቱንም ከደላላው በፊት ያዘጋጅ። ያ ዋጋ ዛሬ በፈቃዱ ቢቀንሰው በስድስተኛው ወር ተገዶ ከሚቀንሰው የተሻለ ነው።